ተጨማሪ መረጃ፦ የአዮዋው የመንተባተብ ጥናት

በ1939 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ሜሪ ቱዶር፣ በአማካሪዋ በዌንዴል ጆንሰን መሪነት፣ በዳቬንፖርት ከተማ በነበረ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ በ22 ልጆች ላይ ጥናት አካሄደች። ጆንሰን ራሱ የሚንተባተብ ሰው ነበር። ችግሩን የሚያባብሰው፣ ምናልባትም የሚፈጥረው፣ አዋቂዎች የልጅን ተራ የአነጋገር መደናቀፍ እንደ ሕመም መቁጠራቸው ነው ብሎ ይገምት ነበር። ይህን ለመፈተን፣ አነጋገራቸው ጤናማ ለሆነ ስድስት ልጆች መንተባተብ እንደጀመራቸው፣ አስተካክለው መናገር ካልቻሉም ዝም ማለት እንደሚሻላቸው ተነገራቸው።

ልጆቹ ተንተባታቢ ሆነው አልቀሩም። አንዳንዶቹ ግን መናገር ፈሩ፤ ከሰውም ራቁ። ለምን እንዲህ እንደተባሉ ያስረዳቸው አልነበረም። እጅግ የሚያሳዝነው፣ ስለ እነርሱ እምቢ የሚል ወላጅ የሌላቸው ልጆች መመረጣቸው ነው።

ጥናቱ በሳይንስ መጽሔት ሳይወጣ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። በ2001 አንድ የካሊፎርኒያ ጋዜጣ ሲያጋልጠው ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2007 ደግሞ የአዮዋ ግዛት ከጥናቱ ተሳታፊዎች ለስድስቱ ወይም ለወራሾቻቸው 925,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ዛሬ በልጆች ላይ ጥናት የሚያደርግ የንግግር ሕክምና ባለሙያ አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴን ይሁንታ ያገኛል፤ የአሳዳጊን ፈቃድና፣ ዕድሜው ከፈቀደ፣ የልጁን የራሱን ስምምነት ይጠይቃል።