የምንጣፍ አቧራና በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሪክ መጥረጊያ፤ እንዴት ይገጣጠማል? እንዴትስ ያለ አደጋ ይሠራበታል?

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ከእግራችን ሥር ያለ ነው። ሰጋጅ በቀን አምስት ጊዜ ግንባሩንና አፍንጫውን ምንጣፍ ላይ ያሳርፋል። በሱጁድ ላይ እያለ የሚተነፍሰው አየር ከምንጣፉ ጋር የተነካካ ነው። ስለዚህ የምንጣፍ ንጽሕና ለዓይን ማማር ብቻ ሳይሆን ለሳንባ ጤናም ነው።

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ አገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ኮምባይነር ማሳ ውስጥ ሲገባ የሚነሳውን እብቅና ትቢያ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ከአዝመራ ውሎ የመጣ ሰው በልብሱ ይዞት ቤትም መስጂድም ይገባል። በክረምት ደግሞ ጭቃው ደጃፍ ላይ ደርቆ፣ ተረግጦ ዱቄት ይሆናል። ብርዱ መስኮት ስለሚያዘጋም አቧራው መውጫ ያጣል።

አቧራው ምን ይዟል?

የምንጣፍ አቧራ አፈር ብቻ አይደለም። ከገላችን የሚረግፍ ቅርፊት፣ የጨርቅ ብናኝ፣ የሻጋታ ዘርና በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ የአቧራ ተባዮች አሉበት። እነዚህ ተባዮች የሚመገቡት ያንኑ የገላ ቅርፊት ሲሆን የሚራቡትም እርጥበት ባለበት ነው። የእነሱ ኩስ በብዙ ሰው ላይ አለርጂና አስም ይቀሰቅሳል። ጠዋት ጠዋት ማስነጠስ፣ የአፍንጫ መታፈን፣ የዓይን ማሳከክ ሲኖር «ሳይነስ ነው» ብለን የምናልፈው አንዳንዱ ከዚሁ የሚመጣ ነው።

በደረቁ በመጥረጊያ መጥረግ ትልቁን ቆሻሻ ያነሳል፤ ደቃቁን ግን ወደ አየር ይበትነዋል። ደቃቅ አቧራ ለሰዓታት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ሰሌን ቢሆን አራግፎ ማስጣት ይበቃ ነበር፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተነጠፈ ምንጣፍ ግን አይራገፍም። አቧራውን ስቦ የሚይዝ የኤሌክትሪክ መጥረጊያ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የሚላክ ማሽን ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ፣ በቀጥታ ቢሰኩት ይቃጠላል። ከኤምሬትስ የሚመጣው ቮልቱ ይስማማል፤ ስፒናው ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስላለው በትክክለኛ አስማሚ እንጂ ሽቦ ልጦ ሶኬት ውስጥ በመክተት አይሠራም። የማሽኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። ማጣሪያው «ሄፓ» የሚባለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ደቃቁን አቧራ መልሶ አይተፋም። በባትሪ የሚሠራው ለቤት፣ ለደረጃና ለጠባብ ቦታ ይመቻል፤ ለሰፊ መስጂድ ግን ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ባለ ገመዱ ይሻላል።

አገጣጠሙ

1. ማሽኑ መጥፋቱን፣ ከሶኬት መነቀሉን ወይም ባትሪው መውጣቱን ያረጋግጡ።
2. ማጣሪያውን በቦታው ያስገቡ። ያለ ማጣሪያ ማስነሳት ሞተሩን ያበላሻል፤ አቧራውንም ፊትዎ ላይ ይረጫል።
3. የአቧራ መያዣውን ቋጭ ብሎ እስኪገጥም ይግፉት።
4. ቱቦውንና አፉን ያገናኙ። ሰፊው አፍ ለምንጣፍ፣ ቀጭኑ ለግድግዳ ጥግ ነው።
5. ባትሪውን ወይም ስፒናውን በመጨረሻ ይሰኩ።

ሲሠሩበት

አፍንጫና አፍዎን በማስክ ይሸፍኑ፤ መስኮትና በር ይክፈቱ። በዝግታ፣ አንዱን ቦታ ደጋግመው ይሂዱበት፤ መቸኮል የላይኛውን ብቻ ያነሳል። ገመዱን ከኋላዎ ያድርጉ፤ የተላጠ ከሆነ አይጠቀሙበት። በርካታ ዕቃ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ አይጨምሩት። መብራት ከሄደ ማጥፊያውን ይዝጉ፤ ካልዘጉት መብራቱ ሲመጣ ሰው በሌለበት ይነሳል።

ፈጽሞ የማይሳቡ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የከሰል አመድ ነው። ከቡና በኋላ የጠፋ የመሰለ ፍም አመድ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ማሽኑ ውስጥ ሲገባና ነፋስ ሲያገኝ ይቀጣጠላል። ሁለተኛው ውኃ ነው። ከውዱእ በኋላ በረጠበ እግር የተረገጠ ምንጣፍ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ በእርጥብ እጅም ስፒና አይንኩ። ክብሪት፣ ቤንዚንና ስባሪ ጠርሙስም እንዲሁ።

ካበቃ በኋላ

መያዣውን ከቤት ውጭ፣ ፌስታል ውስጥ ቀስ ብለው ይገልብጡ። የሚታጠብ ማጣሪያ ከታጠበ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ በጥላ ይድረቅ፤ በአሰላ ክረምት ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። የሚሽከረከረው ብሩሽ ላይ የተጠመጠመ ፀጉርና ክር የሚቆረጠው ባትሪው ወጥቶ ነው። ባትሪውን በራሱ ቻርጀር ብቻ፣ ሰው ባለበት ቻርጅ ያድርጉ። ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ከሸተተ ከዚያ በኋላ አይጠቀሙበት።

ማሽኑ ሁሉን አይሠራም። የሚነሳ ምንጣፍ ካለ በበጋ አውጥቶ ማራገፍና ፀሐይ ላይ ማስጣት ዛሬም ይጠቅማል።

ማን ይጥረግ? መቼ?

አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ይተው፤ በሚጠረግበት ሰዓትም እዚያ አይቀመጥ። ለቁርኣን ትምህርት የሚመጡ ሕፃናትም እንዲሁ። ሶላት ሊገባ ሲል ከመጥረግ፣ አቧራው እንዲረጋ ቀደም ብሎ መጨረስ ይሻላል፤ ለጁሙዓ ሐሙስ ከሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። ትንፋሹ የሚያጥር፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚል ሰው ሐኪም ይይ። መናገር እስኪያቅተው ካጠረው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

በመጨረሻም የመስጂድ ኮሚቴዎችን አንድ ነገር እናስታውስ። አቧራውን በየቀኑ የሚተነፍሰው ኻዲሙ ነው። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ትጠርግ የነበረችው ሴት ስትሞት ነቢዩ ጠይቀው፣ ቀብሯ ድረስ ሄደው እንደሰገዱባት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የሚጠርግ ሰው በእሳቸው ዘንድ እንዲህ የሚታሰብ ነበር። ምንጣፍ ለማልበስ ገንዘብ ስናሰባስብ፣ ለኻዲሙ ማስክና ደህና ማጣሪያ ያለው መጥረጊያ አብረን እናስብ። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።