ኢንሱሌሽን የሌለው ጋራዥና ሂተሩ፦ ተረቱና ሒሳቡ

ሚኒያፖሊስ ውስጥ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ጋራዡ ውስጥ መኪናውን የሚጠግን ወይም እንጨት የሚሠራ ሰው ብርዱ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስበው ሂተር መግዛት ነው፤ አልሞቅ ካለው ደግሞ ሌላ ይጨምራል። «የማይሞቀው ሂተሩ ትንሽ ስለሆነ ነው» የሚለው እምነት ከሁሉም ስር የሰደደ ነውና በቁጥር እንየው። ሁለት መኪና የሚይዝ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 7.3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.4 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ባዶ፣ ኮርኒስም የሌለው ጋራዥ እንውሰድ። በውስጥና በውጭ መካከል ለሚኖረው ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ልዩነት ከግድግዳውና ከበሩ 195 ዋት፣ ከጣሪያው 150፣ በየስንጥቁ ከሚገባው አየር 85፣ በድምሩ 430 ዋት ገደማ ይፈሳል። ከተራ የአሜሪካ ሶኬት የሚሠራ ሂተር አቅሙ 1,500 ዋት ነው። ይህ ሙቀቱን በ3.5 ዲግሪ ብቻ ከፍ ያደርጋል። ውጭው ከዜሮ በታች 10 ከሆነ ውስጡ ከዜሮ በታች 6.5 ይሆናል ማለት ነው፤ ቀለም አይደርቅም፣ ሙጫ አይዝም፣ ጣትም አይፍታታም። ያንኑ ጋራዥ 15 ዲግሪ ላይ ለማድረስ ወደ 10,750 ዋት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ነው ብንል፣ በየሰዓቱ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም በግድግዳ፣ በጣሪያና በስንጥቅ ይወጣል።

ሁለተኛ ሂተር መሰካትም እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። 1,500 ዋት ሂተር በ120 ቮልት 12.5 አምፔር ይስባል፤ መስመሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ 15 አምፔር ብቻ ነው የሚችለው። በአንድ መስመር ሁለቱን ሲያበሩ ብሬከሩ ይወርዳል፣ መውረዱም ደግ ነው። ወደ ቀጭን ኤክስቴንሽን ገመድ መዞር ግን ችግሩን ብሬከሩ ከሚያየው ቦታ አውጥቶ ገመዱ ላይ መጫን ነው፤ ገመዱ ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። በዚህ ላይ «ውዱ ሂተር መብራት ይቆጥባል» የሚለው ማስታወቂያ አለ። እውነቱ፣ በሽቦ የሚግል ሂተር ሁሉ፣ 40 ዶላር ይሁን 300፣ የበላውን ኤሌክትሪክ በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ከ1,500 ዋት የሚገኘው 1,500 ዋት ነው፤ የእንጨት ሳጥንና ሪሞት ኮንትሮል አይጨምሩበትም። ከዚህ ሕግ የሚወጣው ሙቀቱን ከውጭ አየር የሚስበው ሂት ፓምፕ ነው፤ ለአንድ ኪሎዋት ሁለትና ከዚያ በላይ ይመልሳል። ነገር ግን መግዣውና ማስገጠሚያው ውድ ነው፣ አቅሙም ብርዱ ሲጠና ይቀንሳል። ለሚያፈስ ጋራዥ እሱን መግዛት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይመስለኛል።

ታዲያ ገንዘቡ መጀመሪያ የት ይዋል? «ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ጣሪያውን መዝጋት ይበቃል» የሚሉ አሉ። ወደ ላይ የሚወጣው የሞቀ አየር ነው፤ ሙቀቱ ራሱ ቀዝቃዛ ወደሆነው አቅጣጫ ሁሉ ይሄዳል። ቢሆንም ምክራቸው ግማሽ እውነት አለው። ኮርኒስ ተመትቶ 15 ሴንቲሜትር ያህል ፋይበርግላስ ቢነጠፍበት የጣሪያው 150 ዋት ወደ 16 ይወርዳል። ከበሩ ሥር አዲስ ጎማ፣ በመስኮቱ ዙሪያ ሲሊኮን ተደርጎ የአየሩ ፍሰት በግማሽ ቢቀንስ ድምሩ ከ430 ወደ 255 ገደማ ይመጣል። ግድግዳውም በ9 ሴንቲሜትር ፋይበርግላስ ቢሞላ 115 ላይ እንደርሳለን። ያኔ 15 ዲግሪ ለመድረስ የሚያስፈልገው 2,900 ዋት ያህል ነው፤ በተለያየ ብሬከር ላይ የተሰኩ ሁለት ተራ ሂተሮች ይወጡታል። ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው የበሩ ጎማ ነው። ኮንክሪቱ ተሰንጥቆ ወይም ጎማው ደርቆ በአንድ ጫፍ የጣት ውፍረት ክፍተት ሲኖር፣ በዚያ የሚገባው ነፋስ ሂተሩ ያሞቀውን አየር ጠርጎ ያወጣል።

«ቤቱ የኪራይ ነው፣ ግድግዳ አልነካም» የሚለው ተገቢ መከራከሪያ ነው። ለበሩ ፓነሎች የሚቆረጥ የፎም ሰሌዳ አለ፣ ያለ ምስማርም ይቆማል። ነገር ግን ፎም በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ብየዳና የመፍጫ ፍንጣሪ ባለበት ተጋልጦ መቀመጥ የለበትም፤ በግድግዳ ላይ ሲሆን በጂፕሰም የሚሸፈነውም ለዚሁ ነው። ክብደት የተጨመረበት በርም ስፕሪንጉ እንደገና መመጣጠን ይኖርበታል፣ እሱን ለባለሙያ መተው ነው። ከዚህ የሚቀለው ቤቱን ማሞቅ ትቶ ሰውየውን ማሞቅ ነው። ኢንፍራሬድ ሂተር ከሌላው የበለጠ ሙቀት አያወጣም፤ ፊት ለፊቱ ያለውን አካል ግን በመካከል ያለውን አየር ሳይጠብቅ ያሞቃል። ከሥራ ጠረጴዛው በላይ አንድ ሰቅሎ፣ ከእግር ሥር ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ቦታውን በፕላስቲክ መጋረጃ መከለል 1,500 ዋቷን ዋጋ ይሰጣታል። ኮንክሪት ወለል ከእግር የሚመጠውን ሙቀት የጣሪያ ሂተር አይተካም። «ሳያጠፉ ማደር ይረክሳል» የሚባለውም አይሠራም፤ ብክነቱ የሙቀት ልዩነቱን ተከትሎ ስለሚሄድ ሂተሩ ጠፍቶ ያደረበት ሌሊት ሁሉ ትርፍ ነው።

ገንዘብ ሲያጥር ግን ዓይን የሚያርፈው እሳት ላይ ነው፦ ፕሮፔን፣ ላምባ፣ ከአገር ቤት ልማድ ደግሞ የከሰል ማንደጃ። ፕሮፔን በርካሽ ብዙ ሙቀት መስጠቱ እውነት ነው። የማይነገረው 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ 1.6 ኪሎ ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ መልቀቁ ነው። 9 ኪሎ የሚይዘው ሲሊንደር ሲያልቅ 14 ሊትር ያህል ውኃ አየሩ ውስጥ ገብቷል። ያ እንፋሎት በቀዘቀዘ ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል፤ የመጋዙ ጠረጴዛ፣ መፍቻውና መሰርሰሪያው ያልባቸዋል፣ ከዚያ ይዝጋሉ። በተጨማሪም የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ወለል ላይ የተቀመጠ ነበልባል ወደሱ መቅረብ ነው።

ስለ ፕሮፔኑ ሂተር «ቤት ውስጥ ይፈቀዳል ተብሎ የተጻፈበት ነው፣ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያም አለው» ይባላል። መቆጣጠሪያው የሚከታተለው የኦክስጅንን መቀነስ ነው፤ ወደ 18 ከመቶ ሲወርድ ያጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድን አይለካም። መመሪያውም መስኮት ክፈቱ ይላል፣ ይህም በዚያ የተከፈለበትን ሙቀት ወደ ውጭ መልቀቅ ነው። ከሰል ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ ቆይቶ ፍሙ ሲቀላ ማስገባት ብዙዎች የሚያምኑት ጥንቃቄ ነው። ጭሱ ግን የሚያስጠነቅቀን ክፍል ነበር፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከቀላው ፍም መውጣቱን ይቀጥላል። ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ስለሚጣበቅ ሰውነት ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ራስ ምታቱና ድካሙ የሥራ ድካም መስሎ ሰውየውን ያታልለዋል። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መረጃ ከቃጠሎ አደጋ ውጪ በዚህ ጋዝ ሳያውቁት የሚሞቱ ሰዎች በየዓመቱ ከ400 ይበልጣሉ።

«ጋዙ ወደ ታች ይወርዳል፣ የማስጠንቀቂያ መሣሪያውን ወለል አጠገብ አድርጉት» የሚለውም ስህተት ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየር ጥቂት ስለሚቀል ተደባልቆ ቤቱን ሁሉ ይሞላል። ብዙዎቹ የማስጠንቀቂያ መሣሪያዎች ደግሞ ከ4 ዲግሪ በታች እንዲሠሩ የተሠሩ አይደሉም። ጋራዡ ከመኖሪያው ጋር የተያያዘ ከሆነ ቦታቸው የቤቱ ውስጥ፣ ሰው ከሚተኛባቸው ክፍሎች አጠገብ ነው።