መብራት ከጠፋ በኋላ

ሊድስ ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ የማገለግልበት የበጎ አድራጎት ሱቅ አለ። ሥራዬ ሰዎች የሚለግሷቸውን አሮጌ መጻሕፍት አቧራቸውን እየጠረግኩ መለየት ነው። ባለፈው ጥር አንድ ካርቶን ስከፍት፣ ጀርባቸው በፀሐይ የነጣ ዐሥራ አንድ የልጃገረዶች ልብ ወለዶች አገኘሁ። በአንደኛው ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ የሽልማት ወረቀት ተለጥፏል። አንዲት ልጅ በ1927 አንድም ቀን ሳትቀር ስለ ተገኘች ከሰንበት ትምህርት ቤቷ የተሰጣት ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ታሪኩ ስለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። እኔም ከሰባተኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አዳሪ ስለነበርኩ እዚያው ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ልጆቹ መብራት ከጠፋ በኋላ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው፣ የተቆጣጣሪዋን ኮቴ እያዳመጡ፣ የደበቁትን ኬክ ይቃመሳሉ። የእኛ ቆሎና በሶ ነበር፤ እናቴ ከጋቢዬ ጋር ጠቅልላ ሻንጣዬ ሥር የምታስቀምጥልኝ። ቆሎ በጨለማ ሲቆረጠም ድምፁ ስለሚያጋልጥ አፋችን ውስጥ አርሰን ነበር የምንበላው። ከእኔ ዘመን በፊት፣ ከአገሬ ርቆ የተጻፈ መጽሐፍ ያንን ሌሊት እንዴት እንዳወቀው እስካሁን ይገርመኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእነዚህን መጻሕፍት ታሪክ ስከታተል ቆየሁ። ሥራቸው የሚመዘዘው ከእውነተኛ ትምህርት ቤቶች ነው። በእንግሊዝ የሀብታም ወንዶች ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት የገቡት ከብዙ ዘመን በፊት ሲሆን፣ ሴቶቹ ግን በአብዛኛው እቤት ሆነው ከሞግዚት መምህርት ጥቂት ፈረንሳይኛና ፒያኖ ይማሩ ነበር። በ1853 የቼልተንሃም የልጃገረዶች ኮሌጅ፣ በ1877 በስኮትላንድ የሴንት ሌናርድስ፣ በ1885 ደግሞ በብራይተን የሮዲን ትምህርት ቤት ሲመሠረቱ ነገሩ ተለወጠ። ሒሳብና ላቲን መጣ። ልጃገረዶች ሜዳ ወርደው ሆኪ መጫወት፣ ላክሮስ በተባለው ጨዋታ መረብ በተወጠረበት ዘንግ ኳስ መቅለብ ጀመሩ። ቀሚሷን ሰብስባ መሮጥ እንኳ ነውር ለነበረባት ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም።

ይህን ዓለም ወደ ልብ ወለድ በማምጣት ስሟ ጎልቶ የሚነሣው አንጄላ ብራዚል ናት። በ1868 በፕሬስተን የተወለደች ሲሆን የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ልብ ወለዷን በ1906 አሳተመች። ታሪኩን የቀዳችው ልጅነቷን በሪዮ ዴ ጃኔሮ አሳልፋ ወደ እንግሊዝ ትምህርት ቤት ከመጣችው ከእናቷ ሕይወት ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት የልጃገረዶች መጻሕፍት አብዛኞቹ ምክርና ተግሣጽ ይበዛባቸዋል። ብራዚል ግን ታሪኩን ከልጃገረዶቹ ዐይን አየችው፤ እርስ በርስ ሲጫወቱ የሚነጋገሩበትን ቋንቋም እንዳለ አስገባችው። አንዳንድ ርዕሳነ መምህራት ንግግራቸውን ያበላሻል ብለው መጻሕፍቷን ከለከሉ። ልጆቹ ግን አነበቧት፤ እሷም ወደ ሃምሳ የሚጠጉ መጻሕፍት ጻፈች።

እሷን ተከትለው ኤልሲ ኦክስነም፣ ዶሪታ ፌርሊ ብሩስና ኤሊኖር ብሬንት ዳየር መጡ። አራቱም አላገቡም። ይህን የማነሣው ለሐሜት አይደለም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ ብዙ መቶ ሺህ ወጣት ወንዶችን በልቷል፤ በዚያ ላይ በብዙ ቦታ መምህርት ስታገባ ሥራዋን እንድትለቅ ትገደድ ነበር። ይህ ክልከላ በሕግ የተነሣው በ1944 ነው። ትዳር የሌላት ሴት በየቤተሰቡ የምትታዘንላት በነበረበት ዘመን፣ በእነዚህ ገጾች ላይ ግን እሷ ርዕሰ መምህርት ናት፤ ታዛለች፣ ትፈርዳለች፣ ትከበራለች። በረዶ ላይ የወደቀችውን የሚያወጣት፣ እሳት ሲነሣ ሌሎቹን የሚያስወጣው ወንድ አይደለም፤ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ናት። አንባቢዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ አዳሪ ትምህርት ቤትን በሩቁም አያውቁትም። ያች የ1927ቷ ተሸላሚም ምናልባት በዐሥራ አራት ዓመቷ ትምህርት አቁማ ፋብሪካ ገብታ ይሆናል፤ የብዙ እኩዮቿ ዕጣ ያ ነበርና።

ያልወደድኩትንም መናገር አለብኝ። አገልጋዮቹ ብዙ ጊዜ ስምና ሐሳብ የላቸውም። ከቅኝ ግዛት የመጣች ልጅ እንደ እንግዳ ፍጥረት ትታያለች፤ እንግሊዛዊነትም የሁሉ ነገር መለኪያ ነው። ሳነብ ያመመኝ ቦታ አለ፤ አልፌው ሄድኩ እንጂ አልረሳሁትም።

ልቤን የወሰደችው ብሬንት ዳየር ናት። በ1894 በሳውዝ ሺልድስ ተወለደች፤ ሦስት ዓመት ሲሆናት አባቷ ጥሏቸው ሄደ። የመምህርነት ሥልጠናዋን የወሰደችው እዚሁ ሊድስ ነው። በ1924 ለዕረፍት ወደ ኦስትሪያ፣ አኬንዜ በተባለው ሐይቅ ዳር ወዳለችው ፐርቲሳው መንደር ሄደች። በማግሥቱ ዓመት የሻሌ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ መጽሐፍ ወጣ። ማጅ የተባለች ወላጆቿ የሞቱባት ወጣት፣ ገንዘቧ ቢያንስባት፣ ኑሮ ርካሽ በሆነበት በኦስትሪያ ተራራ ላይ ትምህርት ቤት ትከፍታለች። በሽተኛ ታናሽ እህቷን ጆይን ይዛ ነው የምትሄደው። ኦስትሪያውያን፣ ፈረንሳውያንና እንግሊዛውያን ልጆች አብረው ያድራሉ፤ በኋላማ ቀኑ ተከፋፍሎ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ መነጋገር ደንባቸው ሆነ። ተከታታዩ እስከ 1970 ዘልቆ ወደ ስልሳ መጻሕፍት ደረሰ።

ከሁሉም የ1940ው ይበልጥብኛል። ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን በ1938 ጠቅልላለች። ልጃገረዶቹ አገራቸው የትም ይሁን የት ለሰላም እንደሚቆሙ ቃል ገብተው ይፈርማሉ። አንድ ቀን ከተማ ወርደው ሳለ የሰው መንጋ አንድ አይሁዳዊ ሽማግሌ ጌጥ ሠሪ ከቦ ሲያሰቃይ ያያሉ፤ ጆይና ጓደኞቿ መሐል ገብተው ይጋርዱታል። አንድ ቄስ በቤተ ክርስቲያን በኩል ያሸሿቸዋል። ከዚያ በእግር፣ በተራራ ላይ ወደ ስዊዘርላንድ ይሰደዳሉ፤ አብራቸው የሄደችው መምህርት ከዚያ መንገድ ስትወጣ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ሽማግሌውና ቄሱ ይገደላሉ። ይህ ለልጆች የተጻፈ ነው፤ ጦርነቱ ገና እየነደደ ሳለ። ያም ሆኖ ደራሲዋ ጀርመናውያንን ሁሉ በአንድ አልፈረጀችም፤ ናዚውን ከጎረቤቱ ለይታ አሳየች።

በመጽሐፉ ከዚህ ስደት በኋላ ትምህርት ቤቱ የተጠለለው ገርንዚ በተባለችው ደሴት ነው። በ1940 ሰኔ መጨረሻ ላይ ግን እውነተኛው የጀርመን ጦር ገርንዚን ያዘ። ደራሲዋ ልጆቿን ደብቃ ያኖረችበት ቦታ ራሱ ተወረረባት! ስለዚህ በ1941ዱ መጽሐፍ ትምህርት ቤቱን እንደገና አነሣችው፤ እሷ ራሷ ትኖርበት ከነበረው ከሄርፎርድ ብዙም ወደማይርቀው የዌልስ ድንበር አካባቢ ወሰደችው። ከተባረረ ሁለተኛ መጠለያው መሆኑ ነው። ለመንገድ የታሰረ ሻንጣ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም።

ካርቶኑ ውስጥ ያ ቀጣዩ መጽሐፍ አልነበረም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንዲት የሱቁ ደንበኛ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት፣ የራሳቸውን ቅጂ በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። “መልሽልኝ፤ ሌላ የለኝም” አሉኝ። አውቶቡስ ላይ እያነበብኩ መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አለፍኩት።