ሞተሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ጥርሱን ቁጠሩ

ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ ሃይሉክስ የያዘ ሰው መኪናው ዳገት ሲያቅተው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው። ፖምፓው ይፈተሻል፣ ኢንጄክተሩ ይታያል፣ ፍሪሲዮኑ ይቀየራል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ መኪናው እንደ በፊቱ ሲያቃስት ምክሩ ወደ ኋላ ይዞራል፦ «ጠንካራ ዲፈረንሻል አስገባ፣ ሎከር አስገጥም»። ምክሩ ወደ ትክክለኛው ቦታ ጠቁሞ የተሳሳተ ነገር ያስገዛል። የኋላ ዲፈረንሻል ሲመረጥ ቀዳሚው ጉዳይ የጥርሱ ቁጥር ነው። ትክክለኛው ቁጥር ደግሞ ከጎማው፣ ከጭነቱና ከምንኖርበት ከፍታ ጋር ሳይገናዘብ አይገኝም። ያን ሒሳብ ሳይሠራ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ደህናውን ዕቃ አውጥቶ ሌላ ደህና ዕቃ ያስገባል፤ ዳገቱ ግን እንዳለ ይጠብቀዋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከካርዳኑ ጋር የተያያዘችው ትንሿ ጥርስ ፒኞን ናት፤ እሷ የምታዞረው ትልቁ ክብ ጥርስ ኮሮና ይባላል። የኮሮናውን ጥርስ ለፒኞኑ ስናካፍል ሬሾው ይወጣል፦ 41 ለ10 ሲካፈል 4.10፣ 43 ለ10 ሲካፈል 4.30፣ 41 ለ9 ሲካፈል 4.56 ገደማ፣ 39 ለ8 ሲካፈል 4.88 ገደማ። የቆዩት ሃይሉክሶች ላይ በብዛት የሚገኙት እነዚህ ናቸው። ቁጥሩ ሲያድግ ጎማው የሚያገኘው ጉልበት ይጨምራል፤ በዚያው ልክ ሞተሩ ለተመሳሳይ ፍጥነት ብዙ ይዞራል። የራሳችሁን ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም። የፊት ጎማዎቹን ታኮ አድርጉ፣ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንስታችሁ ከስር አስተማማኝ ድጋፍ ስጡ፣ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጉ። ጎማውና ካርዳኑ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ ሁለቱን ጎማዎች በአንድ አቅጣጫ እኩል አሥር ዙር አዙሩ። ካርዳኑ 41 ጊዜ ከዞረ 4.10 ነው፤ 43 ከሆነ 4.30፤ ከ45 ተኩል ትንሽ ካለፈ 4.56። አንዱን ጎማ ብቻ ካዞራችሁ ግን ቁጥሩ በግማሽ ስለሚያንስ ያሳስታችኋል።

አሁን ይህን ቁጥር ወደ አገራችን እናምጣው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ደብረ ሲና የሚታለፍበት ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው። ፋብሪካው 90 የፈረስ ጉልበት ብሎ ያወጣው ሞተር እኛ ጋ ሲደርስ ወደ 70 የሚጠጋ ብቻ ይቀረዋል፤ ዳገት ላይ የሚወጣው ጥቁር ጭስም በከፊል አየር አንሶት በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። በዚህ ላይ ባለቤቱ ለግርማ ሞገስ ብሎ ጎማ ያሳድጋል። 205/80 ባለ 16 ጎማ ቁመቱ 734 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 265/75 ባለ 16 ደግሞ 804። ልዩነቱ ወደ 9.5 በመቶ ነው። ጎማው ባደገ ቁጥር ሬሾው ያንሳል፤ 4.10 የነበረው እንደ 3.74 መሥራት ይጀምራል። ከፍታው ሩቡን ወሰደ፣ ጎማው አንድ አሥረኛ የሚጠጋውን ጨመረበት፤ ከዚያ አሥር ኩንታል ገብስ ተጭኖ ሞተሩ ሰነፍ ተባለ።

ስለዚህ ትልቁን ጎማ የጫነ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ወደ ፋብሪካው ጎማ መመለስ ነው፤ ርካሹም ይኸው ነው። ሌላው ሬሾውን ከፍ ማድረግ ነው፦ 4.10 በ1.095 ሲባዛ 4.49 ይሆናል፤ ቅርቡ 4.56 ነው። እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ነዳጅ ነው፦ «አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት እየተመላለስኩ ሞተሩ ሲጮህ ሊውል ነው?» እናስላው። አምስተኛው ማርሽ 0.85 ከሆነ፣ በትንሹ ጎማና በ4.10 ሰማንያ ላይ ስንነዳ ሞተሩ በደቂቃ 2,010 ዙር ገደማ ይዞራል። በትልቁ ጎማና በ4.56 ደግሞ 2,050 ገደማ። ልዩነቱ ጆሮም አይለየው። ትንሹን ጎማ ይዞ 4.56 ያስገባ ሰው ግን 2,240 ይደርሳል፤ ለእሱ ተቃውሞው እውነት አለው። ባዶውን አስፋልት ላይ የሚውል መኪና ባይነካ ይሻላል። ጭኖ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ለሚወርድ ግን ሚዛኑ ይለያል። ሸዋ ሮቢት ያለችው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከጣርማ በር ወዲያ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት አለ። ከፍ ያለ ሬሾ በማርሽ ሲወረድ መኪናውን ይዞ ያስቀራል፤ ፍሬኑም በዚያው ልክ ከመጋል ይድናል። ስለ ዲፈረንሻል ሲወራ ሁሉም ስለ መውጣት ያወራል፤ ለእኔ የሚበልጠው ክርክር መውረዱ ነው።

«ሎከር ካለ ይህ ሁሉ ሒሳብ ምን ያደርጋል?» የሚልም አለ። ሎከር ሌላ በሽታ ነው የሚያክመው። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ኃይል ይሰጣል፤ አንዱ ዋልካ ጭቃ ውስጥ ከተንሸራተተ ሌላው ከእሱ የበለጠ አያገኝም። ሎከር ሁለቱን አንድ ላይ ያስራል። ክረምት ላይ ጥቁር አፈር ውስጥ ለሚገባ መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ደረቅ ዳገት ላይ አቅም ላነሰው ሞተር ግን ቅንጣት ጉልበት አይጨምርም። ከሁሉ የከፋው የውስጡን ትንንሽ ጥርሶች በብየዳ ማጣበቅ ነው። ጎማዎቹ ኩርባ ላይ የተለያየ ርቀት መሄድ ስላለባቸው የታሰረው ዲፈረንሻል ጎማ ይበላል፣ አክስል ይሰብራል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ኋላውን ያንሸራትታል። የጣርማ በርን ጥምዝምዝ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሊሞክር አይገባም።

ፎር ዊል ያለውን ሰው አንድ ተጨማሪ ሐቅ ይጠብቀዋል፦ የፊቱና የኋላው ሬሾ አንድ መሆን አለበት። ከፊት 4.10፣ ከኋላ 4.56 አድርጎ ፎር ዊል ያስገባ ሰው ሁለቱን ካርዳኖች እርስ በርስ ያታግላል፤ አንዱ እስኪሰበር። ስለዚህ ወጪውን እጥፍ አድርጎ ያስብ። ደግሞም ፎር ዊል መኪና ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ለሚወስደው ዓይነት ጥርጊያ መንገድ ከባዱን ማርሽ አስቀድሞ ስለያዘ፣ ምናልባት መቀየሩ ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል።

ለመቀየር የወሰነ ደግሞ አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሲሄድ ከሌላ መኪና የወረደ ሙሉ ዲፈረንሻል ቢፈልግ ይመረጣል። ኮሮናና ፒኞን ፋብሪካ ውስጥ አብረው የተላመዱ ጥንዶች ናቸው፤ የአንዱን ኮሮና ከሌላው ፒኞን ጋር ማጋባት ጩኸት መግዛት ነው። አዲስ ጥንድ የሚያስገባ ሰው በሁለቱ ጥርሶች መካከል የሚተወው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በመለኪያ እንጂ በእጅ ስሜት አይገኝም። ጥርሱ ተቀብቶ ሲዞር አሻራው መሃል ላይ ማረፍ አለበት፤ ጫፍ ላይ ካረፈ ሥራው አላለቀም። ይህን የማይለካ መካኒክ ጋ አዲስ ዕቃ ከመውሰድ የተገጣጠመ አሮጌ መውሰድ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጥቂት ብር የሚያወጣ ሥራ አለ። የአክስሉን መተንፈሻ ክፈቱት። በጭቃ ከተደፈነ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ይገፋዋል። ዘይት አጥቶ ያለቀ ዲፈረንሻል ደግሞ «ደካማ ነበር» ተብሎ ይጣላል። ዘይቱንም መጽሐፉ በሚያዘው ውፍረት ሙሉ፤ በደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ማለዳ ከልክ በላይ የወፈረ ዘይት ራሱ ጭነት ነው። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ ካደረገው ወዲህ በእጃችን ያለው አሮጌ ፒካፕ ገና ብዙ ዓመት አብሮን መክረሙ አይቀርም። ይህን ያህል የሚከርም መኪና ደግሞ ጋራዥ ከመግባቱ በፊት አንድ ጠመኔና አሥር የጎማ ዙር አይበዛበትም።