«የሚጥል» የሚለው ቃልና የዜብራ ዓሣ

«የሚጥል በሽታ» የሚለው ስያሜ ሕመሙን የሚጠራው በሚታየው ውጤቱ፣ ይኸውም ሰውን መሬት ላይ በመጣሉ ነው። ለዕለት ንግግር በቂ ሆኖ የኖረው ይህ ስያሜ፣ የሳይንስ ጽሑፍ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ ጉድለቱ ይገለጣል። ለዚህም ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ የሚወድቅበት መሬት የሌለው አንድ ትንሽ እንስሳ ማስረጃ ይሆነናል።

የዜብራ ዓሣ በደቡብ እስያ ወንዞች የሚገኝ፣ ጎኑ ባለ መስመር ዓሣ ነው። እጩ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ አንጎሉ በሕይወት ሳለ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በዚህ ዓሣ ዘንድ ቢያንስ አንድ አቻ እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ታውቋል። ተመራማሪዎች ለሰው ሕመም አምሳያ አድርገው የመረጡት ስለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ስኮት ባራባንና ባልደረቦቹ ፔንቲሊንቴትራዞል የተባለውን ኬሚካል እጮቹ ባሉበት ውሃ ጨምረው ሦስት ደረጃዎችን ተመለከቱ። እጩ በመጀመሪያ መዋኘቱን ያበዛል፤ ቀጥሎ እንደ አዙሪት በፍጥነት ይሽከረከራል፤ በመጨረሻም ተንቀጥቅጦ ሚዛኑን ይስታል። «ጣለው» ለማለት የሚቻለው በሦስተኛው ደረጃ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ግን የአንጎሉን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴም መዝግበው ከልክ ያለፈ መሆኑን አረጋግጠዋል። እንግዲህ ለፅንሰ ሐሳቡ መሠረቱ የአንጎል ሁኔታ እንጂ መውደቅ አይደለም።

ስለዚህ ተርጓሚው ሁለት ነገሮችን መለየት ይኖርበታል፤ እነርሱም ሥር የሰደደው በሽታና አንድ ጊዜ ታይቶ የሚያልፈው ክስተት ናቸው። ለበሽታው «የሚጥል በሽታ» የሚለው ሕዝቡ የለመደው ስለሆነ ይጽና። ለክስተቱ ግን «መንቀጥቀጥ» አንዱን ምልክት ብቻ ይናገራል፤ «ልክፍት» ደግሞ ነገሩን ወደ መንፈስ ይወስደዋል። ሕዝቡ «ሕመሙ ተነሣበት» ይላል። ይህ ግሥ መውደቅንም መንቀጥቀጥንም አያስገድድም፤ «የሕመም መነሣት» ብንል ለዓሣውም ለሰውም ይስማማል።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ሕፃናት ሕመሙ ሲነሣባቸው ለጥቂት ሴኮንዶች ፈዘው ከመቅረት በቀር አይወድቁም። የጤና ጽሑፉ «ሲጥለው» ብሎ ከጀመረ፣ የእንዲህ ያለው ልጅ እናት ነገሩ ልጇን የማይመለከት መስሏት ታልፈዋለች፤ ሕክምናውም ይዘገያል።