በጉማራ ወንዝ የሚወለድ ጋሻ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ ሳይደርስ የጉማራን፣ ወረታን ካለፈ በኋላ ደግሞ የርብን ድልድይ ይሻገራል። በክረምት ከድልድዮቹ ሥር የሚወርደው ድፍርስ ውኃ ለብዙዎቻችን የፎገራን ሜዳ የሚያጥለቀልቅ ጎርፍ ብቻ ነው። ለጣና ነጭ ዓሣ ግን የመውለጃ መንገዱ ነው። ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው፣ ወንዙን ሽቅብ ተጉዘው፣ ጠጠር ባለበት ፈሳሽ ውኃ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። ዛሬ ስለነዚህ ዓሦች የምናወሳው ስለ ጣዕማቸው ሳይሆን፣ ከወላጆቻቸው ስለሚወርሱት በሽታን የመከላከል ኃይል ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ ውኃ ባክቴሪያ የሞላበት ነው። ዓሣ የሚኖረውም የሚተነፍሰውም በዚያው ውስጥ ስለሆነ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። በተለይ በእርባታ ኩሬ ዓሦች ሲጨናነቁና ውኃው ሲቆሽሽ፣ ኤሮሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ቁስልና የደም መፍሰስ አምጥቶ ይፈጃቸዋል።

ታዲያ ዓሣው በምን ይከላከላል? ባክቴሪያው ወደ ሰውነቱ ሲገባ አንዳንድ ሴሎች ይውጡትና ይሰባብሩታል፤ ከስብርባሪውም አንዱን ቁራጭ በላያቸው ይዘው ያሳያሉ። ይህን ያዩ ሌሎች ሴሎች ጠላት መግባቱን ዐውቀው ለውጊያ ይነሣሉ። ቁራጩን ይዞ የሚያሳየው አካል የሚሠራው ሊቃውንት ኤም ኤች ሲ ሁለተኛ መደብ በሚሉት ጂን ትእዛዝ ነው። አንደኛው ዓይነት ጂን የሚይዘውን ቁራጭ ሌላው ሊስተው ይችላል። ስለዚህ ጂናቸው የተለያየ ዓሦችን አንድ በሽታ በአንድ ጊዜ ጠራርጎ ለመውሰድ ይቸገራል።

ይህ ነገር በኖርዌይ ወይም በሌላ ሩቅ አገር ብቻ የተጠና እንዳይመስለን። በሆላንድ አገር የቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጣናን ነጭ ዓሣ ጂኖች መርምረው ውጤቱን በ1996 እና በ2005 በፈረንጅ አቆጣጠር አሳትመዋል። በኋለኛው ጥናት እንደተገለጸው፣ የአንደኛው መደብ ጂኖች በዝርያዎቹ ዘንድ የጋራ ሲሆኑ፣ የሁለተኛው መደብ ጂኖች ግን ለየዝርያው ተከፋፍለው ተገኝተዋል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ዝርያ ከጣና ቢጠፋ የራሱን ጋሻ ይዞ ይጠፋል፤ ያን ጋሻ ከሌላው ዝርያ እንተካዋለን ማለት ዘበት ነው።

አደጋውም የሩቅ አይደለም። ከ1991 እስከ 2001 በፈረንጅ አቆጣጠር በነበሩት ዓመታት የጣና ነጭ ዓሣ ብዛት እጅግ አሽቆልቁሏል። እናቲቱ ዕንቁላሏን ተሸክማ ስትመጣ የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት፣ ወይም ብርብራ ወቅጦ ውኃው ላይ መበተን፣ የአንድን ቀን ወጥ በመቶ ዓመት ቅርስ እንደ መግዛት ነው።

ቀረሶን በኩሬ ለማርባት የሚያስብ ወጣት የግብርና ሠራተኛም ከዚህ ትምህርት ያገኛል። ከጥቂት ወላጆች ብቻ የተፈለፈለ ጫጩት ኩሬ ለመሙላት ይበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ጋሻ የያዘ ሠራዊት ስለሚሆን፣ ያንን ጋሻ የሚበሳ በሽታ የመጣ ቀን የሚተርፍ አይኖርም። ዘር በብዛት ብቻ ሳይሆን በዓይነትም ይመረጥ እንላለን።

መድኃኒት ከገበያ ይገዛል፤ በወንዝ የሚወለደው ጋሻ ግን ገበያ አይወጣም። የጉማራና የርብ አፍ በክረምት ክፍት ይሁን።