የደባርቅ ቤት ሒሳብ

ደባርቅ ላይ ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው ድንጋይ አያጣም። ከተማዋ የተቀመጠችው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እየፈሰሰ በተቆለለ ባዛልት ላይ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ከማሳው ይለቀማል፣ ከወንዝ ዳር ይጫናል፣ ከካባ ይፈለጣል። የሚቸግረው አሸዋው ነው። ባዛልት ሲበሰብስ ዋልካና ቀይ አፈር ይሆናል እንጂ ኮንክሪት የሚወደው ጠንካራ የኳርትዝ አሸዋ አይወጣውም። እናም አንዱ ቢያጆ ድንጋይ ከቅርብ ሲራገፍ፣ አንዱ ቢያጆ አሸዋ የነዳጅና የመንገድ ዋጋ ተሸክሞ ይመጣል። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ከዳባት እስከ ሊማሊሞ አፋፍ፣ የቤት ወጪ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ከግቢው ዙሪያ ምን ይገኛል? ከሩቅስ ምን ይጫናል?

ከሩቅ የሚጫነው ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከጎንደር ደባርቅ ደግሞ ዳባትን አቋርጦ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ ያውም ሽቅብ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ስትሆን ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከውጭ የሚገባው ብረት፣ መስታወትና የመጸዳጃ ቤት ዕቃ በአብዛኛው የሚራገፈው ጅቡቲ ወደብ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተማ ቤት የሚሠራ ሰው የሚፈራው ጨው ነው፤ በኮንክሪቱ ስንጥቅ ገብቶ ፌሮውን ይበላበታል።  ደባርቅ ላይ ጨው የለም፤ በምትኩ ብርድ፣ ተዳፋትና ርቀት አለ።

ርቀቱ በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካም አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዶላር አይቶ የማያውቅ የዳባት ገበሬም ለቆርቆሮና ለሚስማር ልዩነቱን ከፍሏል። ከዚያ በፊት ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ነበር። በ2013 ዓ.ም. በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ሽሬ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፤ የመቀሌው መሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካ ከገበያ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ውጊያው ዳባት ገጠር ቀበሌዎች ድረስ ደረሰ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም በሰሜን ሸዋ የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል ሲሚንቶ የማምረት አቅም አለው። የፋብሪካ በር ላይ ያለው ዋጋ ግን ደባርቅ ሱቅ ካለው ዋጋ ጋር አንድ አይደለም፤ በመካከላቸው ተራራ አለ።

ፈላጊው ግን አልቀነሰም። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በሦስት ሲከፈል ደባርቅ የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆነች። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም በ2010 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመረ። የዞን ሠራተኛ፣ መምህር፣ ተማሪ፣ የፓርክ አስጎብኚ ሁሉም ጣሪያ ይፈልጋል። በአንድ ወቅት የጎብኚዎች ማረፊያና የሳምንት ገበያ የነበረች ከተማ የተከራይ ከተማ ሆነች።

መጀመሪያ መሬቱ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬት አይገዛም፤ የሚገኘው የመጠቀም መብት ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ይሰጣል፤ ጨረታ ያሸነፈ ሰው ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶውን በቅድሚያ ይከፍላል። በጨረታው የማይደፍረው ደመወዝተኛ በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ፣ ገንዘቡን በዝግ ሒሳብ አስቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ከዚያ ፈቃዱ ይመጣል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ባለ አንድ ፎቁን፣ ማለትም ምድር ቤቱን ብቻ የያዘውን፣ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን ቤት በምድብ «ሀ» ያስቀምጠዋል። ሳሎኑን ሰፋ ለማድረግ ወይም አንድ ፎቅ ለመጨመር የተመኘ ሰው ወደ ምድብ «ለ» ይሻገራል፤ የዲዛይንና የባለሙያ ወጪውም አብሮ ይሻገራል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ፕላኑን ካሠራ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

ገንዘቡ በእውነት የሚቀበረው ግን መሠረቱ ላይ ነው። 8 በ6 ሜትር የሆነች፣ 48 ካሬ የምትይዝ ቤት እንውሰድ። ሜዳ ላይ ብትሆን ቁፋሮው ቀላል ነው። ቦታው ግን በየሜትሩ 15 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ተዳፋት ቢሆን፣ ይህም ለደባርቅ ዳገቶች ብርቅ አይደለም፣ በ6 ሜትሩ ወርድ በላይኛውና በታችኛው ግድግዳ መካከል 90 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይፈጠራል። ግማሽ ሜትር ውፍረት ባለው የድንጋይ ግንብ ሲሰላ ልዩነቱን ለመሙላት ከ6 ሜትር ኩብ በላይ ተጨማሪ ግንብ ያስፈልጋል። ውስጡን ለማስተካከል ደግሞ 20 ሜትር ኩብ የሚያህል ሙሌት ተጭኖ፣ ውሃ ጠጥቶ መጠቅጠቅ አለበት። ቤቱ ሲያልቅ ይህን ሁሉ እንግዳ አያየውም። በሌላ በኩል ተዳፋቱን ሸሽቶ ወደ ዳባት ሜዳ የወረደ ሰው ዋልካ ሊያጋጥመው ይችላል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ያልተነሣ ዋልካ ላይ የተቀመጠ ግድግዳም አብሮት ይሰነጠቃል። መፍትሔው እስከ ጠንካራው አፈር ቆፍሮ ማውጣትና በተመረጠ ሙሌት፣ ማለትም በሰሌክት፣ መተካት ነው፤ ያም በቢያጆ የሚከፈልበት ነው።

ግድግዳው ላይ ምርጫ አለ። በብሎኬት ከሆነ አንድ ካሬ ሜትር 12 ተኩል ብሎኬት ይጠይቃል። ያችው 48 ካሬ ቤት የውስጥ ክፍልፋዮቿን ይዛ፣ በርና መስኮቷ ተቀንሶ፣ 100 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ ይኖራታል። የሚሰበረው ታስቦ 1,300 ብሎኬት ማለት ነው። የአምዱና የማሰሪያው ኮንክሪት ደግሞ በአንድ ሜትር ኩብ 7 ከረጢት ገደማ ሲሚንቶ ይበላል፤ ፌሮው በቤርጋ ይገዛል፤ እያንዳንዱ ቤርጋ 12 ሜትር ነው፤ የ12 ሚሊ ሜትሩ አንዱ ከ10 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ብርዱም እዚህ ጋ ይገባል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ውርጭ ሲጥል ኮንክሪት ቶሎ አይጠነክርም። ፎርሙ ቶሎ ከተፈታ ይጎዳል፤ ሳይፈታ ከቆየ ደግሞ የኪራዩ ቀን ይቆጥራል። በቀን ደግሞ የደጋው ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ስለሚነጥቀው ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውሃ ሊጠጣ ይገባል፤ ቧንቧ በማይመጣበት ሳምንት ያ ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው።

ጭቃ ቤቱ ሌላ ሒሳብ አለው። ባሕር ዛፉ ከገበሬው በቁሙ ተገዝቶ ይቆረጣል፤ ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ በውፍረቱ ይለያል። የቋሚው እግር ከመቀበሩ በፊት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። አፈሩ ከግቢው ይቆፈራል፣ ከጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ይቦካል፣ ይመረጋል፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው በሁለተኛው ምርጊት ይደፈናል። በዚህ ቤት ገንዘብ የሚጠይቀው እንጨቱ፣ ሚስማሩና ክዳኑ ነው፤ የቀረው ጉልበት ነው። ጉልበቱም በገጠሩ ቢያንስ በደቦ ይገኛል፤ ባለቤቱ እንጀራና ጠላ ያቀርባል፣ ነገ ደግሞ እሱ ሄዶ ይረግጣል። ከተማ ውስጥ ደቦ የለም። አናጢው በቁርጥ፣ ለሳኙ በሜትር፣ የቀን ሠራተኛው በቀኑ ይከፈላል።

ይህን ልዩነት ከግጭ ሰዎች በላይ በኪሱ ያወቀው የለም። ግጭ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ የነበረ መንደር ነው። ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ መንደሩ እንዲነሣ ብዙ ዓመት ተመከረ። በ2008 ዓ.ም. ከ2,500 በላይ ሰዎች ወደ ደባርቅ ዳርቻ ተዛወሩ፤ ፓርኩም በቀጣዩ ዓመት ከመዝገቡ ወጣ። እነዚህ ቤተሰቦች እላይ ሳሉ ቤታቸውን የሚሠሩት ከአካባቢያቸው እንጨት፣ ከተራራው ሣርና ከጎረቤት ጉልበት ነበር። ደባርቅ ሲወርዱ ከቋሚው እስከ ቆርቆሮው ድረስ ያለው ሁሉ በብር ሆነ። ካሳ ተከፍሏቸዋል። ነገር ግን የካሳ ብር አንዴ ይቆጠራል፤ የቆርቆሮ ዋጋ ግን በየዓመቱ ይታደሳል።

ቆርቆሮ ላይ ትንሽ መቆም ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነውና። የጌጅ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 32 ጌጅ ከ28 ይቀጥናል ማለት ነው። ያችን ቤት በየጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር አሳልፎ ለመክደን፣ ዘቅዘቅታው ሲጨመር፣ 68 ካሬ ሜትር ያህል ጣሪያ ይሸፈናል። 2 ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነው ቆርቆሮ ከመደራረቡ በኋላ የሚሸፍነው 1.4 ካሬ ሜትር ግድም ስለሆነ 50 ያህል ቆርቆሮ ያስፈልጋል። ርካሽ ነው ተብሎ ስሱ ቢመረጥ የአፋፉ ነፋስ ከሚስማሩ ዙሪያ ይቀድደዋል፣ የሐምሌ በረዶም ይወቅጠዋል። ከውስጥ ኮርኒስ ካልተመታ ደግሞ የቀን ሙቀቱ ፀሐይ እንደገባች ያልቃል። በዚህ ከፍታ ኮርኒስን ጌጥ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ከፊት ለፊት መስታወትና ከአጥር በር ይልቅ ለክዳኑና ለኮርኒሱ መክፈል ይሻላል፤ በከተማው የሚታየው ግን ተገላቢጦሹ ነው።

ከግቢው ዙሪያ የሚገኘውን በዘመናዊ መንገድ የተጠቀመ ምሳሌም ቅርብ አለ። ሽፈራው አስራትና ጁሊያ ጄፍሪስ የመሠረቱት ሊማሊሞ ሎጅ በገደሉ አፋፍ ላይ የተሠራው በተጠቀጠቀ አፈር ግድግዳ ነው። እርጥበቱ የተመጠነ አፈር በፎርም ውስጥ በስስ በስሱ ይጨመራል፣ በየንብርብሩ ይደቀደቃል፣ ፎርሙ ሲነሣ ድንጋይ የመሰለ ወፍራም ግድግዳ ይቆማል። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ፀሐይ ቀስ ብሎ ጠጥቶ ሌሊቱን ይመልሳል። ሎጁ የጎብኚ ማረፊያ ነው፤ በደመወዝ ቤት ከሚሠራ ሰው ጋር አይወዳደርም። ዘዴው ግን አፈርና ጉልበት ባለበት አገር የሚያዋጣ ነው። የሚቸግረው የሠለጠነ ሠራተኛ ማነስና ጭቃ የድህነት ምልክት ነው የሚለው አመለካከት ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ብር በአንድ ጊዜ ስለማይገኝ አብዛኛው ቤት በደረጃ ያልቃል። ቀድሞ ከጓሮ ሰርቪሱ ይቆማል፤ ባለቤቱ በአንዱ ክፍል እየኖረ ሌላውን ለመምህር ወይም ለተማሪ ያከራያል፤ ኪራዩ ዋናውን ቤት ይገነባል። ገንዘብ ሲገኝ ፌሮና ቆርቆሮ አስቀድሞ መግዛት እንደ ቁጠባ ይታያል፤ ዋጋው ሲወጣ እንጂ ሲወርድ ያየ የለም። ፌሮ ዝናብ ካላገኘው ይቆያል። ሲሚንቶ ግን እንዲህ አይጠራቀምም። ሦስት ወር ካለፈው ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በደባርቅ ክረምት እርጥበት ደግሞ በመሬት ላይ የተደረደረ ከረጢት ከዚያም ፈጥኖ ይጋገራል። ስለዚህ የሚገዛው ዝናቡ ካባራ፣ ግንበኛው ቀን ከቆረጠና አሸዋው ግቢ ከተራገፈ በኋላ ነው፤ እስኪሠራበትም ከግድግዳው ራቅ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል።